ማትሪክ፦ አንድ ፈተና፣ ሁለት ሥራ

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ አገሩ ደነገጠ። ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ 3.3 ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም።

በማግስቱ ክርክሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ትውልዱ በኩረጃ ሲያልፍ ኖሮ አሁን ተጋለጠ» አለ። ሌላው «የወደቀው ሥርዓቱ ነው፣ ልጆቹ ምን አደረጉ?» ሲል መለሰ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን በጩኸቱ መሀል በቅጡ ሳይነሳ ያለፈ ጥያቄ አለ። ወደቁ ከተባሉት ከ866 ሺህ በላይ ልጆች አብዛኞቹ በየትምህርት ቤታቸው «አልፈው» ነበር። 9ኛን አልፈዋል፣ 10ኛን አልፈዋል፣ 11ኛን አልፈዋል፣ የ12ኛን የክፍል ውጤት በካርድ ተቀብለዋል። የመምህሩ ካርድ «አልፏል» ይላል፣ የመንግሥት ፈተና «ወድቋል» ይላል። ልጁ ግን አንድ ልጅ ነው። ታዲያ የዋሸው የትኛው ወረቀት ነው?

ይህ ክፍተት በ2015 የተፈጠረ አይደለም። ለመረዳት ማትሪክ ከተወለደበት ዘመን መነሳት ያስፈልጋል።

ስሙ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋሙት ታላላቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ኮተቤ የነበረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቻቸውን ያስፈትኑ የነበረው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው። «ማትሪኩሌሽን» የሚለው የእንግሊዞች ቃል በተማሪው አፍ ተቆርጦ «ማትሪክ» ሆነ። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያው በ1940ዎቹ አገሪቱ የራሷን ፈተና ማዘጋጀት ጀመረች። የመንግሥት ስሙ «የኢትዮጵያ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና» ነበር።

መልቀቂያ የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በስሙ ከሄድን ፈተናው የሚመሰክረው ወደኋላ ነው፤ ይህ ልጅ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በሚገባ ጨርሷል ብሎ። በተግባር ግን ሁሉም ሰው የሚያየው ወደፊት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ወይስ አይገባም? አንዱ ወረቀት የመውጫ ምስክርም የመግቢያ በርም ሆነ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የመውጫ ምስክር ልክ አለው፤ ልክ የደረሰ ሁሉ ያገኘዋል፣ መቶም ይሁን መቶ ሺህ። የመግቢያ በር ግን የሚለካው በወንበር ብዛት ነው። ወንበሩ መቶ ከሆነ መቶ አንደኛው ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ውጭ ይቀራል።

በንጉሡ ዘመን ይህ ችግር ብዙም አልጎላም፤ ተማሪውም ወንበሩም ጥቂት ነበርና። ፈታኙ በአምስት ትምህርቶች ቢያንስ «ሲ» ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛና ሂሳብ ግድ ነበሩ፣ አማርኛም እንዲሁ። አፉን በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅ ሌላውን ሁሉ አሟልቶ በአማርኛ የሚሰናከልበት ዘመን ነበር። ይህ ቅሬታ በተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ የብሔር ጥያቄ ሲነሳ አብሮ የተነሳው ያለምክንያት አይደለም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ቁጥሩ መጨናነቅ ጀመረ። ማትሪክ ወድቆ በየከተማው የሚንከራተት ወጣት በዛ። እርሻውን ትቶ መጥቷል፣ ቢሮ የሚያስገባ ወረቀት የለውም። መንግሥት የመለሰው «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» በተባለው ጥናት ነበር። አብዛኛው ሕፃን አጭር የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፈው ቁጥር እንዲወሰን የሚያቅድ ነበር። በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ሊመስል ይችላል። ወላጅና መምህር ግን ያነበቡት «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታም ልጅ ይቀጥል» ብለው ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። ከታክሲ ነጂዎች አድማና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተገናኝቶ ዙፋኑን ያናጋው ማዕበል አንዱ ምንጭ ይኸው የትምህርት በር ጉዳይ ነበር። ዛሬ የ12ኛ ክፍልን ነገር «የትምህርት ባለሙያዎች ጉዳይ» ብሎ የሚያቃልል ሰው ያንን ወር ያስታውስ።

ደርግ ሴክተር ሪቪውን ጣለው፣ በሩን ግን አላነሳውም። በ1967 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ዘመቻው ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤት በፈረቃ ተስፋፋ፣ ጠዋት አንዱ ከሰዓት ሌላው ይማራል። የተማሪው ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ የዩኒቨርሲቲው ወንበር አልተከተለውም። ደርግ ሲወድቅ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና አለማያ። ስለዚህ የመግቢያ ነጥቡ ወደ ላይ ይወጣል። የማለፊያ ልኩ 2 ነጥብ ነው እየተባለ፣ 2 ነጥብ ያመጣ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ይቀራል። «ማትሪክ አለፈ» እና «ነጥብ መጣለት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ያለፈ ልጅ ወደቀ ይባል ጀመር። ነጥብ ላልመጣለት ወንድ ልጅ ደግሞ ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ከቀበሌ የሚመጣ ጥሪ ነበር። እናቶች በማትሪክ ውጤት ሰሞን የሚሳሉት ስለት ስለ ዲግሪ ብቻ አልነበረም።

የክፍል ውጤት ዋጋውን ያጣው በዚህ መንገድ ነው፣ ቀስ በቀስ። ዕጣ ፈንታህን የሚወስነው አንድ ሳምንት ከሆነ፣ የአራት ዓመቱ የመምህር ቀይ እስክሪብቶ ምን ያደርግልሃል? ዩኒቨርሲቲው አያየውም። አሠሪውም የሚጠይቀው የማትሪክ ሰርተፍኬት ነው። የመምህሩ ምዘና ከክፍል ወደ ክፍል ማሻገሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነገሩን ለማስተካከል ሞከረ። በሩን ለሁለት ከፈለው። 10ኛ ክፍል ላይ አንድ አገር አቀፍ ፈተና፣ 12ኛ ላይ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና። አሮጌው ማትሪክ በ1990ዎቹ ቀረ፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ማትሪክ ማለቱን አልተወም። 10ኛን ያለፈ «ፕሪፓራቶሪ» ይገባል፤ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ዕቅዱ ቢያንስ ሁለቱን ሥራዎች ለያይቷል፤ 10ኛ የመውጫ ምስክር፣ 12ኛ የመግቢያ በር። ችግሩ ቴክኒክና ሙያ በወላጅም በተማሪም ዘንድ «የወደቀ ልጅ ቦታ» ተብሎ መታየቱ ነው። በስም የመውጫ ምስክር የሆነው የ10ኛው ፈተና በተግባር ዋናው ወንፊት ሆነ።

በሌላ በኩል ወንበሩ ፈነዳ። ሁለት የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ከአርባ በላይ ሆኑ። አሁን የመግቢያ ነጥቡ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ለሴቶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢዎችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ ነጥብ መኖሩ የታወቀ ነው፣ ምክንያትም አለው። ነገር ግን ለሁሉም የሚሠራው መደበኛ ነጥብ ራሱ በአንዳንድ ዓመታት ከግማሽ በታች ወርዷል። ደርግ ጊዜ ያለፈ ልጅ ወደቀ ይባል ነበር፤ አሁን ደግሞ ከግማሽ በታች ያመጣ ልጅ አለፈ ተባለ። በሁለቱም ዘመን ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ልጁ እውቀት ሳይሆን ስለ ወንበሩ ብዛት ነበር።

በዚያው ዘመን ክፍል ውስጥ የሆነው ብዙ አልተጻፈለትም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ይሰጥ ጀመር፤ መምህሩ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነ። ከዚያ «ተከታታይ ምዘና» መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ተማሪው በአንድ ፈተና ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በሚሠራው ይለካ የሚል ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ግን መምህሩ የሁሉንም ደብተር በየሳምንቱ ሊያርም አይችልም። የቡድን ሥራ ይሰጣል። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን አንዷ ጎበዝ ልጅ ትሠራለች፣ አምስት ስም ይጻፋል፣ አምስቱም ዘጠኝ ከአስር ያገኛሉ። ከወረዳ የሚመጣው ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ልጅ እንደደገመና እንዳቋረጠ ነው። ብዙ ያስደገመ መምህር ለምን ብሎ ይጠየቃል፤ ሁሉንም ያሳለፈ መምህር በግምገማ ይመሰገናል። ታዲያ በዚህ መሀል 40 የሚገባውን ልጅ 55 ያደረገ መምህር ማንን ጎዳ? ያ 55 ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚያየው የለም። ዋጋ የሌለው ነጥብ በነጻ ይታደላል። መምህሩን ከመውቀስ በፊት ነጥቡን ዋጋ ያሳጣው ማን እንደሆነ ማየት ይሻላል።

አገር አቀፉ ፈተናም ቢሆን የሚያየው ጥቂቱን ነው። ሁሉም ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ አንድም የጻፈውን አንቀጽ ከመምህሩ ሌላ ሰው ሳያነብለት ይጨርሳል። ምርጫ ለማረም ይቀላል፣ ለመስረቅም ይቀላል። የድርሰት መልስ በአጭር መልእክት አይላክም፤ «1ሐ፣ 2ሀ» ግን በአንድ ደቂቃ አገር ያዳርሳል። ግንቦት 22 ቀን 2008 የሆነው ይኸው ነው። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ሊፈተን በተቀመጠበት ጠዋት የእንግሊዝኛው ፈተና ከነመልሱ ፌስቡክ ላይ ተገኘ፤ ፈተናው በሙሉ ተሰረዘ። ከስርቆቱ ጀርባ ፖለቲካ ነበረበት። በኦሮሚያ በተቃውሞው ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ስለነበር ፈተናው ይራዘም የሚል ጥያቄ ቀርቦ መልስ አጥቶ ነበር። የመንግሥት መፍትሔ በቀጣዮቹ ዓመታት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዝጋት ሆነ። ባንኩም ነጋዴውም አየር ላይ ተንጠልጥሎ ልጆች ሂሳብ ይፈተናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ከሌላው ጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ2008 ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጠው 250 ሺህ ገደማ ነው። በጥቅምት 2015 የተቀመጠው ወደ 900 ሺህ። በስድስት ዓመት ይህን ያህል ልጅ ከየት መጣ? መልሱ አዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ላይ ነው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀረ። ዱሮ 10ኛ ላይ ተንጓሎ ወደ ሙያ ይላክ የነበረው ልጅ አሁን ሳይፈተን 12ኛ ደረሰ። በ2015 ጥቅምት የተፈተኑት መደበኛ ተማሪዎች 10ኛ ክፍልን ያለዚያ ወንፊት ያለፉ ናቸው። 10ኛ ክፍል እያሉ ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋባቸው። ከዚያ ጦርነት መጣ። የትግራይ ተማሪዎች ጨርሶ አልተፈተኑም። ከነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ መለኪያቸው ያ የጥቅምት ሳምንት ሆነ።

ሚኒስቴሩ ያን ዓመት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረገ። አንደኛ፣ ፈተናውን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወሰደው፤ ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጓጉዘው፣ በር ላይ ተፈትሸው፣ ዶርም አድረው በሁለት ዙር ተፈተኑ። ሁለተኛ፣ ማለፊያውን 50 በመቶ ላይ ቸነከረው። ከማትሪክ ውልደት ጀምሮ ወንበርን ተከትሎ ሲወጣና ሲወርድ የኖረው መስመር ቆመ። ድፍረት የጠየቀ ሥራ ነበር፣ መመስገንም አለበት። ኩረጃን እያወቁ ዝም ያሉ ሚኒስትሮች በርካታ ነበሩ።

ግን የተቀየረው ዘበኛው ነው፣ ወረቀቱ አይደለም። ፈተናው ያው ምርጫ ነው። የክፍል ውጤቱም ያው ዋጋ ቢስ ነው። ሁለቱ ሥራዎችም እንደተጣበቁ ናቸው፤ እንዲያውም ከቀድሞው ብሰዋል፤ 10ኛ ላይ የነበረው የመውጫ ምስክር ስለቀረ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዋጋ በሙሉ 12ኛ ላይ ተደፋ።

ወንበርም ቢሆን በጓሮ በር ተመለሰ። ከአርባ በላይ ዩኒቨርሲቲ 30 ሺህ በማይሞላ ተማሪ አይሞላም፤ ዶርሙ፣ መምህሩ፣ በጀቱ አለ። ስለዚህ «ሪሚዲያል» ተፈጠረ። ካላለፉት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸው ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ተማሩ። የምዘናው አከፋፈል ትኩረት ይስባል፤ 30 በመቶው በሚማሩበት ተቋም መምህር፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና። የክፍል መምህር ነጥብና የአገር ፈተና በአንድ ውጤት ላይ ተገናኙ። ይህ ዘዴ ለአራት ወር ትምህርት ከሠራ ለአራት ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለምን አይሞከርም? በየትምህርት ቤቱ 9ኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ 55 ከውጭ ከሚመጣ ፈተና ጎን ቢቀመጥ ኖሮ፣ ልጁም ወላጁም የት እንደቆሙ ገና በ15 ዓመቱ ያውቁ ነበር። በ18 ዓመት፣ በአንድ ሳምንት ከማወቅ ይሻላል።

ለዚህ ሩቅ ዘመድ ያላቸው ወላጆች ሊያነጻጽሩ ይችላሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ፈተናው የሚሰጠው በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ነው፤ አልጀብራ ሲያልቅ የአልጀብራ፣ ባዮሎጂ ሲያልቅ የባዮሎጂ። ክፍሉንም የስቴቱን ፈተናም ያለፈ ልጅ በዚያ ትምህርት «የተረጋገጠ ክሬዲት» ይያዝለታል፤ ለመደበኛው ዲፕሎማ አምስት እንዲህ ያሉ ክሬዲቶች ይፈለጋሉ። በአልጀብራ የወደቀ አልጀብራን ደግሞ ይፈተናል እንጂ አሥራ ሁለቱ ዓመት በአንድ ቀን አይሰረዝበትም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ ፈተናው ከኮርሱ የመጨረሻ ውጤት 10 በመቶ እንዲይዝ ያዛል። እዚያም ክርክሩ አላለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ማሳቹሴትስ ውስጥ መራጩ ሕዝብ የስቴቱ ፈተና ለመመረቂያ ግዴታ መሆኑ እንዲቀር ድምፅ ሰጥቷል። ሁለቱም ጋ ግን የሚከራከሩት ስለ መመረቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ መግባት የሌላ ቀን፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

በሐምሌ 2015 ደግሞ ተራው የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና ተሰጠ፤ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኮርሳቸውን ሁሉ አልፈው፣ ነጥባቸውን ይዘው ለመመረቅ የተዘጋጁ ልጆች ናቸው። የካርዱና የፈተናው ጠብ አንድ ፎቅ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ቁጥሩ በጥቂቱ ተንቀሳቅሷል። የ2015ቱ ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ አለፉ። መሻሻል ነው። ሆኖም መቶኛው ሲነገር ተፈታኙም እየቀነሰ መምጣቱ አብሮ መነገር አለበት፤ ከ900 ሺህ ገደማ ተነስቶ ወደ 600 ሺህ ወርዷል። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አሁንም ከሺህ በላይ ናቸው። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ዘንድሮም ካርድ ይሰጣል፣ ዘንድሮም አንደኛ የወጣው ልጅ ይሸለማል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ብቻ ከግማሽ በታች ያመጣው ሲደመር ከ1.6 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ሁለት ጊዜ የተፈተኑ እንዳሉበት ሳይዘነጋ። ጥቂቱ በሪሚዲያል ገባ፣ ጥቂቱ በግል ተፈታኝነት ተመዘገበ፣ ጥቂቱ ኮሌጅ ወይም ሙያ ጀመረ። ቀሪው በየከተማው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ማስታወቂያው «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ/ች» ይላል። ልጁ ጨርሷል፤ ትራንስክሪፕቱ በእጁ ነው፣ ሁሉም ትምህርት ላይ ማለፊያ አለው። የማስታወቂያው ባለቤት ወረቀቱን ተቀብሎ አንዴ ያየውና የሚቀጥለው ጥያቄ «ማትሪክ ስንት አመጣህ?» የሚል ነው።